ለድመት የተከፈለ «የማይመለስ» ዲፖዚት፦ በካሊፎርኒያ አከራይ ምን መጠየቅ ይችላል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምንኖረው ሎስ አንጀለስ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ኪራዩ በወር 2,000 ዶላር ነው። በኦገስት 2025 ስንገባ 2,000 ዶላር ዲፖዚት፣ 500 ዶላር የድመት ዲፖዚት፣ በዚያ ላይ ‹የማይመለስ› የተባለ 300 ዶላር የድመት ክፍያ ከፈልን። በየወሩም ለድመቷ 50 ዶላር እንጨምራለን። ከሁለት ወር በኋላ እንለቃለን። ማኔጀሯ መኝታ ቤቱ ስለሚሸት ምንጣፉ በሙሉ ይቀየራል፣ ከዲፖዚቱ የሚተርፍ የለም ብላናለች። ምንጣፉ ስንገባም አዲስ አልነበረም። አንድ ወዳጃችን ደግሞ በኢንተርኔት 150 ዶላር ከፍለን ድመቷን የስሜት ድጋፍ እንስሳ ብለን ብናስመዘግባት ገንዘቡ ሁሉ ይመለሳል ይላል። እውነት ነው? የመጨረሻውን ወር ኪራይ ባንከፍልና ከዲፖዚቱ ቢይዙትስ?»

ስለ ምንጣፉ ከመነጋገራችን በፊት፣ ገና ስትገቡ የተፈጸመ ስህተት አለ። በካሊፎርኒያ አከራይ በመያዣነት ሊቀበል የሚችለው ገንዘብ ከጁላይ 1 2024 ወዲህ በአንድ ወር ኪራይ ተወስኗል (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቤቱ ዕቃ ያለውም ሆነ ባዶ ለውጥ የለውም። ከዚያ በፊት ለባዶ ቤት እስከ ሁለት ወር፣ ዕቃ ላለው እስከ ሦስት ወር ኪራይ ማስያዝ ይቻል ስለነበር ብዙ ተከራይ፣ ብዙ ማኔጀርም ጭምር፣ ዛሬም በአሮጌው ልክ ያስባል። እናንተ የገባችሁት በ2025 ስለሆነ አዲሱ ጣሪያ በቀጥታ ይመለከታችኋል።

ብዙ ሰው የእንስሳ ዲፖዚት ከዋናው ዲፖዚት ጎን ለብቻው የሚቆም ሌላ ሒሳብ ይመስለዋል። አይደለም። የካሊፎርኒያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1950.5 አንድን ክፍያ መያዣ ነው የሚለው በወጣለት ስም ሳይሆን በዓላማው ነው። ተከራይ ሲገባ የሚከፍለው ገንዘብ ላልተከፈለ ኪራይ፣ ለጉዳት ጥገና፣ ለጽዳት ወይም አዲስ ተከራይ ለማስገባት ለሚወጣ ወጪ መሸፈኛ ከሆነ፣ «ፊ» ተባለም «ዲፖዚት» ተባለም፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ይደመራል። ከድምሩ ውጭ የሚቀሩት የመጀመሪያው ወር ኪራይና ማመልከቻ ስታስገቡ የከፈላችሁት የማጣሪያ ክፍያ ናቸው። ስለዚህ የእናንተ 2,000፣ 500 እና 300 ተደምረው 2,800 ይሆናሉ። ጣሪያው 2,000 ነው። 800 ዶላሩ ገና ከመጀመሪያው ሊጠየቅ የማይገባ ገንዘብ ነበር።

«የማይመለስ» የተባለው 300 ዶላር ላይ ሁለተኛ ጥፋት አለ። ያው ሕግ የኪራይ ውል የትኛውንም መያዣ የማይመለስ ብሎ እንዳይጠራ ይከለክላል። ፈርመናል ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ የዲፖዚት መብትን በውል መተው አይቻልም፣ ተትቷል የሚል አንቀጽ ቢጻፍም ዋጋ የለውም። በብዙ አፓርትመንቶች የሚሰጠው የታተመ ቅጽ ለብዙ ስቴቶች የተዘጋጀ ስለሆነ በሌላ ቦታ የሚፈቀደው አንቀጽ እዚህም ሳይነቀስ ይቀራል። መነሻው ቸልተኝነት ቢሆንም ሕገ ወጥነቱ አይቀየርም።

አንድ የማይካተት ሁኔታ አለ፣ በሐበሻ መካከልም በብዛት ያጋጥማል። አከራዩ ግለሰብ ከሆነ፣ ወይም አባላቱ በሙሉ ግለሰቦች የሆኑ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ከሆነ፣ ያሉት የኪራይ ንብረቶች ከሁለት ካልበለጡና በድምሩ ከአራት የማይበልጡ ቤቶች የሚያከራይባቸው ከሆነ፣ እስከ ሁለት ወር ኪራይ መያዝ ይችላል (ተከራዩ የጦር ሠራዊት አባል ከሆነ ግን ይህ አይሠራም)። የጓሮ ቤቱን ወይም ሁለተኛ ቤቱን ለወገኑ የሚያከራይ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ለእሱም ቢሆን የእንስሳው ገንዘብ በሁለቱ ወር ውስጥ ይቆጠራል፣ የማይመለስ ማለትም አይችልም። ማኔጀር ቀጥሮ ሕንጻ የሚያስተዳድር ድርጅት ግን በዚህ ሊጠለል መቻሉን እጠራጠራለሁ፤ የሕንጻው ባለቤት ማን እንደሆነና ስንት ንብረት እንዳለው ከካውንቲው የንብረት መዝገብ ማጣራት ይቻላል።

በየወሩ የምትከፍሉት 50 ዶላር የተለየ ነገር ነው። ፔት ሬንት የሚባለው ይህ ክፍያ በውሉ ላይ ከተጻፈ እንደ ኪራይ ይቆጠራል፤ ስቴቱ ለብቻው የቆረጠለት ጣሪያ የለም፣ ስትለቁም አይመለስም። ከእሱ ሁለት መዘዝ ይመጣል። አንደኛ፣ ድርጅቱ «የወር ኪራያችሁ 2,050 ነው፣ ስለዚህ ጣሪያው 2,050 ነው» ብሎ ሊከራከርና ትርፉን ከ800 ወደ 750 ሊያወርደው ይችላል። 800 ብላችሁ ጠይቁ፣ በሃምሳው ግን ጉዳዩን አታጓትቱ። ሁለተኛ፣ ፔት ሬንት ስንከፍል ስለኖርን ድመቷ ያደረሰችው ጉዳት ተሸፍኗል የሚል ሐሳብ በብዙ ተከራይ ዘንድ አለ። አልተሸፈነም። ወርሃዊው ክፍያ እንስሳውን ለመያዝ ብቻ ነው፤ ጉዳት ካለ ለብቻው ይጠየቃል።

አከራይ ያለውን መብትም በትክክል ማወቅ ይጠቅማል። እንስሳ አላስገባም ማለት ይችላል፣ ቁጥር፣ ዓይነትና ክብደት መወሰን ይችላል፣ በውሉ ያልተፈቀደ እንስሳ ሲያገኝ እንዲወጣ የሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ይችላል። የማይችለው የድመቷ ጥፍር በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ወይም የውሻው ድምፅ እንዲጠፋ ማስገደድ ነው፤ ይህን ሕጉ በግልጽ ይከለክላል። በኪራዩ መካከል እንስሳ ለማምጣት የምታስቡ ሌሎች አንባቢዎችም ልብ በሉ፦ የአንድ ወር ኪራይ ዲፖዚት አስቀድማችሁ ከከፈላችሁ ጣሪያው ሞልቷል፣ አከራዩ ለእንስሳው ብሎ ተጨማሪ ዲፖዚት መቀበል አይችልም። የሚቀረው ምርጫ በጽሑፍ የተስማማችሁበት ወርሃዊ ጭማሪ ወይም እምቢታ ነው። እንስሳ ደብቆ ማስገባት ግን ይህን ሁሉ ጥቅም አሳልፎ መስጠት ነው፤ ውል ያፈረሰው ያኔ ተከራዩ ይሆናል።

አሁን ወደ ምንጣፉ። አከራይ ከዲፖዚት መቁረጥ የሚችለው ላልተከፈለ ኪራይ፣ ከተለመደ የአጠቃቀም እርጅና ያለፈ ጉዳትን ለመጠገንና ቤቱን ስትገቡ ወደነበረበት ንጽሕና ለመመለስ ነው። በመመላለሻው ላይ የሳሳ ወይም በፀሐይ የደበዘዘ ምንጣፍ እርጅና ነው። የድመት ሽንት ግን እርጅና አይደለም፣ ጉዳት ነው፤ እዚህ ላይ ማኔጀሯ ልክ ናት። የተሳሳተችው በልኩ ነው። ምንጣፍ ዕድሜ ስላለው ተከራይ የሚከፍለው የቀረውን ዕድሜ ዋጋ ብቻ ነው። ስቴቱ ለተከራዮችና ለአከራዮች ያሳተመው መመሪያ ራሱ ይህንኑ ምሳሌ ይሰጣል፦ አሥር ዓመት የሚያገለግል ምንጣፍ በስምንተኛ ዓመቱ ቢበላሽና ተመሳሳዩን ለመተካት 1,000 ዶላር ቢያስፈልግ፣ ከተከራይ የሚጠየቀው 200 ዶላር ነው።

በእናንተ ቤት እናስላው። የሁለቱም ክፍሎች ምንጣፍ መተኪያ 2,400 ዶላር ነው እንበል፣ የመኝታ ቤቱ ድርሻ ደግሞ 800። ጉዳቱ መኝታ ቤት ውስጥ ብቻ ከሆነ የሳሎኑን የምትከፍሉበት ምክንያት የለም። ምንጣፉ የስድስት ዓመት ከሆነ የቀረው ዕድሜ አራት አሥረኛ ነው፤ 800 በ0.4 ሲባዛ 320 ዶላር። አሥር ዓመት ካለፈው ወደ ዜሮ ይጠጋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት በኢሜይል የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ምንጣፉ የተነጠፈበት ቀንና ደረሰኙ። ከምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅም በተመሳሳይ ያረጃል። ሽንቱ እስከ ወለሉ ወርዶ እንጨቱ ወይም ሲሚንቶው ሽታ እንዳያወጣ መታሸግ ካስፈለገው ግን አከራዩ የዚያን ሥራ ሙሉ ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል፣ ዳኛም ሊቀበለው ይችላል። ለዚህ ነው ሁለቱን ወር መጠቀም ያለባችሁ።

የድመት ሽንት የሚያስቸግረው በውስጡ ያለው ዩሪክ አሲድ ሲደርቅ በውኃና በሳሙና የማይሟሟ ፍሬ ስለሚሠራ ነው። የታጠበ ይመስላል፣ አየሩ ሲረጥብ ሽታው ተመልሶ ይነሳል። መፍትሔው ኢንዛይም ያለው የእንስሳ ሽንት ማጽጃ ነው፤ በእንስሳ ዕቃ መደብር ይገኛል። መጀመሪያ ቦታውን ፈልጉ፦ ማታ መብራት አጥፍታችሁ የአልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ ስታበሩ ያረጀ ሽንት ቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚመታ ሆኖ ያበራል። ከግድግዳው ጥግ፣ ከአልጋው ሥር፣ ከመጋረጃው በታች ፈልጉ። ከላይ ትንሽ የሚመስለው ነጠብጣብ ስፖንጁ ላይ ሲደርስ ይሰፋል፤ ስለዚህ ፈሳሹን ከሚታየው ጠርዝ አልፋችሁ፣ ሽንቱ የደረሰበት ጥልቀት እንዲደርስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ላይ ላዩን መርጨት የማይሠራው ለዚህ ነው። ጠርሙሱ ላይ ለተጻፈው ጊዜ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፣ ከዚያ በንጹሕ ፎጣ ተጭናችሁ ምጠጡ፣ በማራገቢያ አድርቁ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትፍረዱበት፤ እርጥብ እያለ ሽታው ሊብስ ይችላል። ካልለቀቀ ድገሙት።

የሚያበላሹ ነገሮችም አሉ። በእንፋሎት ማሽን መጀመር ሙቀቱ ሽታውን ከክሩ ጋር ያጣብቀዋል። በረኪና ምንጣፉን ያነጣዋል፣ ይህም አዲስ ጉዳት ይሆንባችኋል፤ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝም ለሳንባ አደገኛ ጋዝ ይወጣል። ማኔጀሯ ልትመጣ ስትል ዕጣን ማጨስ ሽታውን ለሰዓታት ከመሸፈን አያልፍም፣ ጭሱም ኮርኒሱና መጋረጃው ላይ የራሱን ምልክት ይተዋል። ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ምንጣፉን ገልጣችሁ ስፖንጅ አትቁረጡ። ቁንጫ ካለ ደግሞ ድመቷ ቤት ውስጥ እያለች አክሟት፣ ምንጣፉንም በየቀኑ በቫኩም ጥረጉ፤ ያልተፈለፈለው ቁንጫ ባዶ ቤት ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ቆይቶ ሰው ሲገባ ይወጣል፣ የማጥፊያው ሂሳብም ለእናንተ ይላካል። ድመቷ በቅርቡ ነው ከአሸዋ ሳጥኗ ውጭ መሽናት የጀመረችው? እንግዲያው ከጽዳቱ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይያት፤ የሽንት ቧንቧ ሕመም ካለባት የምታጸዱት በከንቱ ነው።

ከመልቀቃችሁ በፊት ያለው ትልቁ መብታችሁ ቅድመ ፍተሻ ነው፣ ሰዎች ሳይጠቀሙበት ሲያልፉ በጣም ይቆጨኛል። የመልቀቂያ ማስታወቂያ ከሰጣችሁ በኋላ ፍተሻው እንዲደረግ በጽሑፍ ጠይቁ። ከምትለቁበት ቀን በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይደረጋል፣ አከራዩም ቢያንስ የ48 ሰዓት የጽሑፍ ማስታወቂያ ይሰጣችኋል። በፍተሻው መጨረሻ ሊቆርጥ ያሰበባቸውን ጉድለቶች ዘርዝሮ በጽሑፍ መስጠት አለበት። እናንተም እስክትለቁ ድረስ የማስተካከል ዕድል ታገኛላችሁ። በዝርዝሩ ላይ ያልጻፈውን በኋላ ሊያመጣ የሚችለው በዕቃ ተሸፍኖ ያልታየ ወይም ከፍተሻው በኋላ የደረሰ ጉዳት ሲሆን ነው። ስለዚህ አልጋውን ከግድግዳው አርቁ፣ ሶፋውን ግፉ፣ ሁሉም ነገር ይታይ። መደበቅ የሚጎዳው እናንተን ነው።

ፎቶግራፍም አሁን የአከራዩ ግዴታ ሆኗል። ከጁላይ 1 2025 ወዲህ ለተጀመረ ኪራይ አከራዩ ተከራይ ከመግባቱ በፊት ወይም በሚገባበት ጊዜ የቤቱን ፎቶ ማንሳት አለበት፤ ከኤፕሪል 1 2025 ጀምሮ ደግሞ ተከራዩ ከለቀቀ በኋላ ጥገና ከመጀመሩ በፊት፣ ከጥገናውም በኋላ ማንሳትና ለቆረጠው ገንዘብ ማስረጃ አድርጎ መላክ አለበት። እናንተ በኦገስት 2025 ስለገባችሁ የመግቢያውንም ፎቶ ጠይቁ። ከሌለው «ምንጣፉ ስትገቡ ንጹሕ ነበር» የሚለው ክርክሩ ይዳከማል። ያው ማሻሻያ አከራይ የባለሙያ የምንጣፍ እጥበት በደፈናው እንዳያስከፍልም ይከለክላል፤ ቤቱን ወደ መግቢያው ሁኔታ ለመመለስ አስፈላጊ መሆኑ መታየት አለበት። እናንተም ቁልፍ በምታስረክቡበት ቀን የእያንዳንዱን ክፍል ወለል፣ የበር ጠርዞችና መስኮቶች አንሱ፣ አንድ ረጅም ቪዲዮም ሳታቋርጡ ቅረጹ።

ከለቀቃችሁበት ቀን አንስቶ አከራዩ 21 ቀን አለው። በሥራ ቀን ሳይሆን በተራ ቀን ነው የሚቆጠረው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወይ ሙሉ ገንዘቡን ይመልሳል፣ ወይ የቆረጠውን በዝርዝር ጽፎ ከቀሪው ጋር ይልካል። ለጥገናና ለጽዳት የቆረጠው ከ125 ዶላር ከበለጠ ደረሰኞች ወይም ቢሎች መያያዝ አለባቸው፤ ሥራውን የራሱ ሠራተኛ ከሠራው የሠራው ነገር፣ የወሰደው ሰዓትና የሰዓቱ ዋጋ መጻፍ አለበት። ሥራው ካላለቀ ግምት ይልካል፣ ሲያልቅ በ14 ቀን ውስጥ ደረሰኙን ያስከትላል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስትወጡ ከሚቀርቡላችሁ ወረቀቶች መካከል ደረሰኝ አልፈልግም የሚል ሊኖር ይችላል። እሱን ሕጉ ከመልቀቂያ ማስታወቂያ በኋላ እንድትፈርሙ ይፈቅዳል፣ ስለዚህ ከፈረማችሁ ይጸናባችኋል። አትፈርሙ። አዲሱን አድራሻችሁንም በጽሑፍ ስጡ፤ ካልሰጣችሁ ደብዳቤው ወደለቀቃችሁት ቤት ይላካል፣ ሕጋዊም ይሆናል። ቀነ ገደቡ ቀላል ነገር አይደለም፦ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 በወሰነው ግራንበሪ በተባለው መዝገብ መሠረት፣ በጊዜው ዝርዝር ያልላከ አከራይ ገንዘቡን ይዞ የመቆየት መብቱን ያጣል፣ ሙሉውን መመለስ አለበት። ጉዳቱን በክስ ሊጠይቅ ግን ይችላል።

ወዳጃችሁ ስላለው የስሜት ድጋፍ እንስሳ፦ ምክሩ በሁለት ምክንያት ልክ አይደለም። የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ላለበት ሰው እንስሳው ለጉዳቱ እርዳታ የሚሰጥ ከሆነ በፍትሐዊ የመኖሪያ ቤት ሕግ መሠረት እንደ ተራ የቤት እንስሳ አይቆጠርም፣ የካሊፎርኒያ ደንብም ለእሱ ዲፖዚትም ሆነ ፔት ሬንት እንዳይጠየቅ ይከለክላል። ይህ እውነተኛ መብት ነው። ነገር ግን የሚጀምረው ከሰውየው ሁኔታና ከሚያክመው ባለሙያ እንጂ ከድመቷ ምዝገባ አይደለም። በኢንተርኔት የሚሸጥ የምዝገባ ካርድ፣ ሰርተፍኬትና ሰደርያ ሕጋዊ ዋጋ የለውም፤ መንግሥት የሚያውቀው መዝገብ የለም። ለውሻ ደግሞ ካሊፎርኒያ ከ2022 ጀምሮ ደብዳቤውን የሚጽፈው ባለሙያ ከደንበኛው ጋር ቢያንስ የ30 ቀን የሕክምና ግንኙነት እንዲኖረው ትጠይቃለች። ሁለተኛው ምክንያት ለእናንተ ይበልጥ ይመለከታል፦ እውነተኛ የድጋፍ እንስሳ ያለው ሰውም ቢሆን እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ ከመደበኛው ዲፖዚት ይቆረጥበታል። 150 ዶላራችሁን በኢንዛይም ማጽጃ ላይ አውሉት። ከመካከላችሁ በእርግጥ በሕክምና ላይ ያለ ሰው ካለ ግን ያንኑ ሐኪም ወይም ቴራፒስት አነጋግሩ፤ ጥያቄው በኪራዩ መካከልም ሊቀርብ ይችላል።

የመጨረሻውን ወር ኪራይ ከዲፖዚቱ ይያዙት ማለት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ሐሳብ ነው። ኪራዩ በቀኑ ካልገባና ዕዳው የከተማው ደንብ ካስቀመጠው መጠን ካለፈ፣ አከራዩ የሦስት ቀን የክፈል ወይም ልቀቅ ማስታወቂያ መስጠት፣ ከዚያም የማስለቀቅ ክስ መክፈት ይችላል። ያ ክስ ቀጣዩን ቤት ስትፈልጉ ሊከተላችሁ ይችላል። በእጃችሁ ያለውን ጥሩ ክርክርም ያበላሸዋል፤ ዛሬ የተበደላችሁት እናንተ ናችሁ፣ ያኔ ባለዕዳዎች ትሆናላችሁ። ከአገር ቤት ቅድሚያ ክፍያን ለምደው የመጡ ሰዎች ዲፖዚቱን በየወሩ የሚታሰብ ኪራይ አድርገው ያዩታል። እዚህ እስከምትለቁበት ቀን ድረስ የእናንተ የሆነ፣ አከራዩ በአደራ የያዘው ገንዘብ ነው።

ሕንጻችሁ የተሠራው ከኦክቶበር 1 1978 በፊት ወይም በዚያው ቀን ከሆነና በሎስ አንጀለስ ከተማ ወሰን ውስጥ ከሆነ በከተማው የኪራይ ማረጋጊያ ደንብ ሥር ሊሆን ይችላል። ያኔ አከራዩ ለያዘው ዲፖዚት በየዓመቱ ወለድ ይከፍላል። ኢንግልውድ፣ ካልቨር ሲቲ ወይም ሌላ ጎረቤት ከተማ የምትኖሩ አንባቢዎች ደንቡ የየከተማው መሆኑን አትርሱ፤ ፖስታው ላይ «ሎስ አንጀለስ» መጻፉ ብቻ በከተማው ውስጥ ናችሁ ማለት አይደለም።

ከካሊፎርኒያ ውጭ ላላችሁ ይህን ምላሽ እንዳለ አትገልብጡት። ኮሎራዶ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የተለየ የእንስሳ ዲፖዚት ትፈቅዳለች፣ ግን ከ300 ዶላር እንዳይበልጥና ተመላሽ እንዲሆን፤ ፔት ሬንቱም ከ35 ዶላር ወይም ከወር ኪራዩ 1.5 በመቶ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው እንዳያልፍ ወስናለች። ሲያትል የእንስሳ ዲፖዚትን በመጀመሪያው ወር ኪራይ 25 በመቶ ገድባ በሦስት ወር እንዲከፈል ትፈቅዳለች። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ጠቅላላ መያዣውን በአንድ ወር ኪራይ ወስናለች፣ መመለሻው ጊዜ ግን 45 ቀን ነው። በየትኛውም ስቴት በፌዴራል ድጎማ በአረጋውያን መኖሪያ የሚኖሩ እናቶችና አባቶች ደግሞ የራሳቸው ደንብ አላቸው፦ ድጎማ ያለባቸው ሕንጻዎች የእንስሳ ዲፖዚት ከ300 ዶላር አይበልጥም፣ ሲጀመር ከ50 ዶላር በላይ አይጠየቅም፣ የቀረው በወር ከ10 ዶላር ባልበለጠ ይከፈላል።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ የ800 ዶላሩን ደብዳቤ ዛሬውኑ ጻፉ፣ ፍተሻውን ጠይቁ፣ ምንጣፉን አጽዱ፣ ኪራዩን እስከ መጨረሻው ቀን ክፈሉ። ደብዳቤው አጭር ይሁን። የገባችሁበትን ቀን፣ የከፈላችሁትን ሦስት ክፍያ፣ የሕጉን ቁጥር 1950.5፣ የጣሪያውን መጠንና 800 ዶላሩ በ14 ቀን እንዲመለስ የምትፈልጉ መሆኑን ጻፉ፤ የምንጣፉን ዕድሜ የሚያሳይ ደረሰኝም ጠይቁ። በኢሜይል ላኩት፣ ሁለተኛውን ቅጂ ተቀባዩ በሚፈርምበት የአደራ ፖስታ። ከማኔጀሯ ጋር በስልክ የተነጋገራችሁትን ወዲያው በኢሜይል «ዛሬ እንዲህ ብለሽናል» ብላችሁ አስፍሩት። መብታችሁን ስለጠየቃችሁ ኪራይ ብትጨምር ወይም ልቀቁ ብትል ብቀላ ነው፣ ሕጉ ይከለክለዋል። ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታችሁ መጠየቅም ሆነ በእሱ ማስፈራራት ለካሊፎርኒያ አከራይ ክልክል ነው።

ለወገን አከራይ ያለ ደረሰኝ በጥሬ ገንዘብ የከፈላችሁ ሌሎች አንባቢዎችም በጽሑፍ መልእክት «የከፈልንህን ይህን ያህል ዲፖዚት ተቀብለሃል አይደል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «አዎ» የሚለው መልስ ማስረጃ ይሆናል። የውል ትርጉምን በተመለከተ ካሊፎርኒያ ድርድሩ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በታጋሎግ፣ በቬትናምኛ ወይም በኮሪያኛ ከተካሄደ ውሉ ተተርጉሞ እንዲሰጥ ታዛለች። አማርኛ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ያልገባችሁን አንቀጽ ከመፈረማችሁ በፊት የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ፤ በኋላ በቋንቋዬ አልቀረበልኝም የሚል ክርክር አያዋጣም።

21 ቀኑ አልፎ ገንዘቡ ካልመጣ፣ ወይም የተቆረጠው ከምንጣፉ ዕድሜ ጋር የማይመጣጠን ከሆነ፣ መንገዱ ስሞል ክሌምስ ፍርድ ቤት ነው። ግለሰብ እስከ 12,500 ዶላር ይጠይቅበታል፣ ጠበቃ ይዞ መቆም ለሁለቱም ወገን አይፈቀድም፣ መክፈቻው እንደ ገንዘቡ መጠን 30፣ 50 ወይም 75 ዶላር ነው፤ ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው ክፍያው እንዲቀርለት ማመልከት ይችላል። ቅጹ ኤስ ሲ-100 ይባላል፣ የሚገባውም ቤቱ ባለበት ካውንቲ ነው። ተከሳሹን በማኔጀሯ ስም ሳይሆን በባለቤቱ ወይም በድርጅቱ ሕጋዊ ስም ጻፉ፤ የድርጅቱን ሙሉ ስምና መጥሪያ የሚቀበልለትን ወኪል ከስቴቱ ሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት ድረ ገጽ ታገኛላችሁ። ስሙ ከተሳሳተ ብታሸንፉም ገንዘቡን ማስከፈል ይከብዳል። መጥሪያውን እናንተ አታድርሱ፤ ዕድሜው 18 የሞላ፣ በክሱ የሌለበት ሰው ያድርሰው፣ ተከሳሹ በዚያው ካውንቲ ከሆነ ከችሎቱ ቢያንስ 15 ቀን፣ ከካውንቲው ውጭ ከሆነ 20 ቀን ቀደም ብሎ።

አከራዩ ገንዘቡን የያዘው በክፉ ልቦና መሆኑ ከታየ ዳኛው ከሚመለሰው ገንዘብ በላይ እስከ ዲፖዚቱ እጥፍ ሊፈርድ ይችላል። ዲፖዚታችሁ 2,800 ከሆነ ከፍተኛው ተጨማሪ 5,600 ነው፣ በድምሩ 8,400፤ ፍርድ ቤቱ ከሚያየው የ12,500 ዶላር ጣሪያ በታች ነው። ይህን ያህል በእርግጠኝነት ታገኛላችሁ ማለት ግን አይደለም፤ እጥፉ በዳኛው ሥልጣን ነው፣ ድመቷ በእርግጥ ያበላሸችውም ይቀነሳል። የተቆረጠው መጠን ተገቢ መሆኑን የማስረዳት ሸክም ያለው በአከራዩ ላይ ነው። አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ አይ ኤን ቲ-300 በተባለው ቅጽ ከችሎቱ በፊት አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ያለ ክፍያ ይመደብላችኋል። ፎቶዎቹን በስልካችሁ ላይ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ በቀን ቅደም ተከተል አትማችሁ፣ ከውሉ፣ ከክፍያ ማስረጃዎቹና ከደብዳቤዎቹ ጋር በሦስት ቅጂ አዘጋጁ፦ አንዱ ለዳኛው፣ አንዱ ለአከራዩ፣ አንዱ ለእናንተ።